ለማናቲ ያዘነው ሾፌር

ጊኒር መናኸሪያ አቅራቢያ ባለ አንድ ሻይ ቤት የተሰቀለው ቴሌቪዥን ኳስ በሌለበት ሰዓት አውሬ ያሳያል። ዲሹ የሚስበው ጣቢያ አረብኛ ስለሆነ ትርጉሙን የሚያቀርቡት ዘወትር ጥጉን የማይለቁ አንድ ሀጂ ናቸው። አረብኛቸው የቁርኣን ቤት አረብኛ ነው። ነገሩ የጀነትና የጀሀነም ሲሆን ጥርት አድርገው ያወርዱታል፤ የሞተር ጀልባና የባሕር ሣር ሲሆን ግምታቸው ይበዛል። ደፍሮ የሚያርማቸው የለም። የሚያውቅ ጠፍቶ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሳቸው ግምት ከፊልሙ ስለሚጥም ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ታዲያ ከዚያ በፊት ማንም ያላየው እንስሳ ብቅ አለ። ግራጫ ነው፣ ከንፈሩ ዙሪያ ጢም አለው፣ ፊቱ ተጨማዷል። የተሞላ የስንዴ ጆንያ መስሎ ውኃው ውስጥ ይንሳፈፋል። ቀንድ የለው፣ የኋላ እግር የለው፣ የሚነክስበት ምክንያት የለው። ሣሩን ይግጣል፣ ይተኛል፣ በየጥቂት ደቂቃው አፍንጫውን ከውኃው አውጥቶ ይተነፍስና ይመለሳል። ማናቲ ነው። ሀጂ ጥቂት አዳምጠው “የባሕር በግ ነው የሚሉት” ሲሉ ሻይ ቤቱ ውስጥ ወዲያው ሁለት ጥያቄ ተነሣ። ሥጋው ይበላል ወይ? ስንትስ ያወጣል? የመጀመሪያውን ሀጂ “እሱን ዓሊም ይጠየቅ” ብለው አለፉት። ሁለተኛውን አንድ የከብት ደላላ ማንም ሳይጠይቀው መለሰ። የሰጠውን ዋጋ እዚህ ብጽፈው የቅዳሜ ገበያ ይረበሻል።

ቀጥሎ ጀልባ መጣ። ሞተሩ እየጮኸ፣ ውኃውን እየሰነጠቀ መጣና ከበላዩ አለፈ። የሞተሩ ስለት የእንስሳውን ጀርባ ደረጃ በደረጃ ሸንትሮት ሄደ። ይኼኔ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሻዩን እፍ ሲል የነበረ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ብርጭቆውን አስቀመጠ። “ምን ዓይነት ጭካኔ ነው ይኼ! ቀስ ብሎ ቢነዳ ምን ይሆናል? ነፍስ ያለው ነገር መሆኑን አያይም እንዴ?” አለ። ቀልድ አልነበረም፤ ዐይኑ እንባ አቅርሯል። ከጎኑ ያለው ሰውም “እነዚህ ፈረንጆች ሲባሉ…” ብሎ አጽናናው።

ረዳቱ መጥቶ “ጭነቱ አልቋል፣ እንሂድ” አለው። ሾፌሩ ዐይኑን ጠርጎ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። ወዲያው ክላክሱ መጣ፤ ከክላክሱ ቀጥሎ ጎማው፣ ከጎማው ቀጥሎ አቧራው። ከአቧራው ውስጥ ሁለት ጀሪካን የተጫነች አህያ ቦይ ገብታ ታየች። ባለአህያዋ ለሾፌሩ እናትም አባትም አላስቀረለትም። አስተናጋጇ ጠረጴዛውን እየጠረገች “የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” አለች። ማንን እንዳለች አልተናገረችም፤ የሰማናት ሁሉ ግን ሌላ ሰው መሆኑን ወዲያው ነው ያወቅነው።

ሀጂ የዘለሉትን ልሙላበት። አገሩ አሜሪካ ውስጥ ፍሎሪዳ ነው። እዚያ ማናቲን በብዛት የሚመታው ጀልባ ነው፤ ከጀልባ አምልጦ ያረጀ ማናቲ ጥቂት ነው ቢባል አልተጋነነም። ተመራማሪዎቹ አንዱን ከሌላው የሚለዩት ጀርባው ላይ ባለው የስለት ጠባሳ ነው። መዝገቡ ፎቶግራፍና ጠባሳ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተመታ በቀላሉ ይታወቃል። እንስሳው እ.ኤ.አ. በ1967 ሊጠፉ ከተቃረቡት ጋር ተመዘገበ፣ በ2017 “ትንሽ ተሽሎታል” ተብሎ አንድ ደረጃ ዝቅ ተደረገ። በመካከሉ ባለ ጀልባዎቹ በየፍርድ ቤቱና በየስብሰባው “ነፃነታችን ተነካ” እያሉ ጮኹ። ምክንያቱም ሕጉ ያዘዘው ጀልባ አትንዱ ሳይሆን እዚህ ቦታ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ የሚል ነበር፤ ከልክሎ ቢያርፍ ይሻል ነበር መሰለኝ፤ ቀስ ማለትን የመሰለ ከባድ ቅጣት የለም።

ከዚያ 2021 መጣ። በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ከ1,100 በላይ ማናቲ ሞተ፤ ብዙዎቹን የገደላቸው ረሃብ ነው። ከቤት የሚወጣው ፍሳሽና ከየግቢው ሣር ላይ ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያ ውኃውን በአልጌ አደፈረሰው፤ ብርሃን የተከለከለው የባሕር ሣር ሞተ፤ ሣሩ ሲሞት በላተኛው ተከተለ። የግቢውን ሣር ለማለምለም የባሕሩን ሣር ማድረቅ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። በመጨረሻ መንግሥት በክረምቱ ሰላጣ በጭነት እያመጣ ውኃው ላይ መበተን ጀመረ።

ፊልሙ እዚህ ላይ ሲደርስ ሻይ ቤቱ ተንጫጫ። አንድ ገበሬ “ሰላጣ? የምንበላውን ሰላጣ?” አለ። “የኔ በሬ ጭድ አጥቶ የጎረቤት አጥር እየበላ ነው!” ሀጂ ረጋ ብለው “በሬህ አሜሪካ አልተወለደም” አሉት።

የዚህ እንስሳ ዘመድ የሆነ ሌላ ግዙፍ ፍጥረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1741 ሽቴለር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በሰሜን ፓስፊክ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አየው። ሥጋው ጣፋጭ፣ ስቡ ብዙ፣ ሽሽት የማያውቅ ነው ብሎ ጻፈ። ተከትለውት የመጡት መርከበኞችና ቆዳ ነጋዴዎች ነበሩ፤ በ1768 የመጨረሻው ተበላ። በ27 ዓመት ማለት ነው። ኮንዶሚኒየም ከመመዝገብ እስከ ቁልፍ መረከብ ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ የፍጥረት ዓይነት ተገኝቶ፣ ተደንቆ፣ ተጠርጎ አለቀ።

እኛ ዘር ቆጠራ ስለምንወድ የማናቲን ዘመዶችም ማወቅ ይገባናል። በዛሬ ዘመን በየብስ ላይ በሕይወት ያሉት የቅርብ ዘመዶቹ ሁለት ናቸው፤ ዝሆንና ሽኮኮ። ክንፍ መሳይ እጁ ጫፍ ላይ ያለችውን ጥፍር ያየ ሰው የዝሆኑን ነገር አይክድም። የሽኮኮው ነገር ግን ሀጂን አላሳመናቸውም። ባሌ ተራራ ላይ በየድንጋዩ ፀሐይ የሚሞቀው፣ እረኛ በወንጭፍ የሚያባርረው ሽኮኮ የዚያ የጆንያው ወንድም ልጅ ነው ስላቸው ብርጭቆዬን ተመለከቱ፤ ሻይ መሆኑን አረጋግጠው ዝም አሉ።

ማናቲ በአፍሪካም አለ፤ ከሴኔጋል እስከ አንጎላ ባሉት ወንዞችና ዳርቻዎች ይኖራል። የኛ ዋቢ ሸበሌ ውስጥ ያሉት ግን አዞና ጉማሬ ናቸው፤ ሁለቱም ሰላጣ ቢበተንላቸው በታኙን ይመርጣሉ ወይም ይረግጣሉ። ቀይ ባሕር ውስጥ ደግሞ ዱጎንግ የሚባል የማናቲ የአክስት ልጅ አለ። ባሕሩ የኛ በነበረበት ዘመን እሱም የኛ ዜጋ ነበር። ዛሬ ስለ ወደብ የማይከራከር ሻይ ቤት የለም፤ ስለ ዱጎንጉ ያነሣ ተከራካሪ ግን እስካሁን አልሰማሁም። ባሌ ውስጥ የባሕር እንስሳ ስም ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዶልፊን። እሱም ከአቅሙ በላይ ሰው ጭኖ ከሮቤ ወደ ሻሸመኔ ይበራል።

ስለዚህ የኛን ማናቲ ውኃ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ነው። ያለው ሽቅብ ነው። ከጊኒር ተነሥቶ ጎሮን አልፎ ሮቤ፣ ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ብርዱን እየተላመዱ ወደ ሳነቴ አምባ ሲወጣ ዛፉ ያልቅና አስታ ይተካዋል፤ አስታውም አልቆ ሣር፣ ድንጋይና ጅባራ ብቻ ይቀራል። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ አጠገቡ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ቆሟል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው እዚህ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር የትም የለም። አድገው ለመራባት የደረሱት ሁሉ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዮቹ ባሌ ውስጥ ናቸው። በአንድ የገበያ ቀን ጊኒር የሚገቡት አህዮች ሳይበልጡት አይቀሩም።

ቀይ ቀበሮ ከማናቲ ጋር የሚጋራው ጠባይ አንድ ነው፤ ማንንም አይነካም፤ በዚህም ምክንያት ማንም ልብ አይለውም። ጅብ በሌሊት ይመጣል፣ ነብር ይፈራል፣ ዝንጀሮ ማሳ ገብቶ ስድብ ያተርፋል። ቀይ ቀበሮ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በመሥሪያ ቤት ሰዓት ነው ሥራው። ማለዳ ከቤተሰቡ ጋር ተሰብስቦ፣ ሰላምታ ተለዋውጦ፣ የግዛቱን ወሰን አብሮ ዞሮ፣ ከዚያ በየፊናው ይሰማራል። ለብቻው አይጥና ፍልፈል ይፈልጋል።

ፍልፈሉን ማየት ደግሞ ሌላ ትያትር ነው። የባሌ ግዙፍ ፍልፈል ከባሌ ሌላ አገር የለውም። ዐይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው፤ ከጉድጓዱ ወገቡ ድረስ ብቻ ወጥቶ በዙሪያው ያለውን ሣር ያጭድና እየጎተተ ይመለሳል። ከቤቱ ርቆ አይሄድም፤ ስብሰባ አይጠራም። ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ ጆሮውን ቀስሮ፣ አንድ እርምጃ ተራምዶ ይቆማል። ፍልፈሉ ሲያጭድ ይራመዳል፣ ቀና ሲል ይደርቃል። በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ይወረወርና ያንን ቀጭን ረጅም አፍንጫውን እስከ ዐይኑ ጉድጓድ ውስጥ ይከትታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው አፈር ነው። አስነጥሶት፣ ዙሪያውን አይቶ፣ እንዳልሆነ ሆኖ ይሄዳል። አዲስ አበባ ታክሲ ያመለጠው ሰው እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

ፍልፈሉን መብላት የጀመረው ቀበሮው ብቻ አይደለም። ፊንጫ ሐበራ በተባለው የባሌ ዋሻ የተቆፈረው እንደሚያሳየው ከ40,000 ዓመታት በፊት እዚያ ብርድ ላይ የኖሩ ሰዎች ዋና ሥጋቸው ይኸው ፍልፈል ነበር፤ ጠብሰው ነበር የሚበሉት። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ ዓለም “ሰው እንዲህ ከፍ ያለ ቦታ እንዲህ በጥንት ኖሯል ወይ!” ብሎ ተገረመ። እኔን የገረመኝ ምግብ ቤቶቻችን “ባህላዊ የፍልፈል ጥብስ” የሚል ማስታወቂያ እስካሁን አለመስቀላቸው ነው። ስለ ቀበሮው በእርግጥ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ቀይ ቀበሮ የአበባ ወለላ እንደሚልስ አሳይቷል። በረጅም አገዳ ላይ የሚቆመውን፣ ከቢጫ እስከ ብርቱካናማ ያለውን የደጋ አበባ እየዞረ ይልሳል፤ አንዱ በአንድ ዙር 30 አበባ ድረስ ጎብኝቷል። አፍንጫው የአበባ ዱቄት ለብሶ ሲመለስ የንብ ሥራ ሳይሠራም አይቀርም። የደጋ እረኛ ልጆች ያንኑ አበባ ይልሳሉ፤ ነገሩን ከምሁራኑ በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ትልቅ ሥጋ በል እንስሳ እንዲህ ሲያደርግ የተመዘገበው ይህ የመጀመሪያው ነው አሉ። ዘሩ ሊያልቅ የተቃረበ አውሬ አበባ እየሳመ ሲዞር ማየት ፊልሙ ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ሾፌር ሁለት ቀን ይተኛ ነበር።

ፊልሙ ላይ አይደለም እንጂ። መንገዱ ላይ ነው። ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን ሰንጥቆ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ በአፍሪካ ከፍታ ላይ ከተዘረጉት መንገዶች ግንባር ቀደሙ ነው። አምባው ሜዳ ነው፤ ሜዳ ያየ ሾፌር ደግሞ እግሩ ይከብደዋል። ቀበሮው ከመንገዱ ዳር ፍልፈል ላይ ተመስጦ ሳለ “ቀይ ሽብር” ብለን ቅጽል ያወጣንለት የጭነት መኪና ይመጣበታል። ዲንሾ አቅራቢያ ባለው መንገድ ጋይሳይ ሜዳ ላይም ባለ ጠመዝማዛ ቀንዱ የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ዳር ይግጣል። አንድ ሾፌር ስለዚሁ ስጠይቀው “እኔ መቼ ገባሁበት? እሱ ነው እየገባ የሚያስቸግረኝ። መንገድ የመኪና ነው” አለኝ። አጋዘኑ በበኩሉ ቢጠየቅ ሜዳው ከመንገዱ በፊት እንደነበረ ይናገር ነበር፤ ግን ባለ ጉዳይ ሆኖ መስኮት ላይ የሚቆም ዓይነት አይደለም።

ይህ አጋዘን፣ ኒያላው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ያለ ነው። ፈረንጅ ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደለው፣ ሊዴከር የተባለ ምሁር በ1910 ስም ሰጠው፤ የተሰጠውም ስም የገዳዩ ነው። እኛ እንኳ ከዚያ የተሻለ ክብር ሰጥተነዋል። ስሙን ለሲጋራ ሰጠነው። ጊኒር ውስጥ ሱቅ በደረቴ ያነገተ ልጅ ኒያላን በፍሬ ይሸጣል፤ ገዥው እዚያው ለኩሶ ያጨሰዋል፤ የቀረውን በጫማው ይረግጠዋል። ለመድን ድርጅትም ሰጠነው። ለመኪና ሻጭም ሰጠነው። ዋልያውን ለቢራና ለብሔራዊ ቡድን እንዳደረግነው ማለት ነው፤ ቡድኑ ሲሸነፍ የምንሰድበውም ዋልያውን ነው። ከሁሉ በላይ ግን የኒያላውን ራስ አሥር ሳንቲም ላይ ቀረጽነው። አሥር ሳንቲሙን ዛሬ ለለማኝ ብትሰጡት ዞር ብሎ ያያችኋል፤ ባለሱቁ ደግሞ በምትኩ ማስቲካ ይሰጣችኋል። አዳኝ ከውጭ መጥቶ በፈቃድ አንድ ኒያላ ለመግደል በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል፤ ከኛ ኪስ ያለው ኒያላ ግን ወድቆ ቢገኝ ጎንበስ ብሎ የሚያነሣው የለም።

የ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜ የሆነውን ያየ ሰው አይረሳም። ጠባቂው ሲበተን መጀመሪያ የተዘረፈው የባሌ ተራሮች ፓርክ ቢሮ ነበር፤ ቀጥሎ ኒያላው። ቆርቆሮ ከነቀሉ በኋላ ወደ ቀንድ ተሻገሩ። እንስሳው በሥርዓት ለውጥ ላይ ምንም አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም።

መኪናው ግን ከሁሉ የከፋው አይደለም። የቀይ ቀበሮው ትልቁ ጠላት የራሱ ዘመድ ውሻው ነው፤ ወይም ይበልጥ ትክክል ለመሆን የውሻው ባለቤት። በደጋው ያለ አርቢ ሁሉ ለጅብ መከላከያ ውሻ አለው። ውሻው አይታሰርም፣ አይቀለብም፤ ያገኘውን በልቶ ያድራል። በጎዳንቱ ጊዜ ከብቱ ለግጦሽና ለሆራ ወደ ተራራው ሲወጣ ውሻው ተከትሎ ይወጣል። ከውሾቹ አንዱ ታሞ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታውን ለቀበሮው ያስረክበዋል። ቀበሮው ቤተሰቡን ሁሉ በአፍንጫ እየሳመ ሰላም የሚል እንስሳ ነው፤ ሰላምታው ራሱ በሽታውን ያደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008፣ በ2014 ወረርሽኝ ገብቷል። በ2003ቱ የዌብ ሸለቆ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። እብደቱ ጋብ ሲል ደግሞ ሌላ የውሻ በሽታ ይተካዋል፤ በ2010 እና በ2015 እንዲሁ ሆነ።

“የማነው ይኼ ውሻ?” ብላችሁ ጠይቁ እስቲ። ጅብ በመጣ ሌሊት የሁሉም ነው። ሰው በነከሰ ቀን የማንም አይደለም፤ “ራሱ መጥቶ ነው” ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በባሌ የሚሠራው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ይከትባል፤ ክትባቱ በነፃ ነው። ነፃ መሆኑ ራሱ ጥርጣሬ ያመጣል። “በነፃ ሲሰጥ የነበረ ነገር የትኛው በነፃ ቀረ?” ይላል ባለቤቱ። ውሻው ከተቆጠረ ነገ ግብር ይመጣበታል። አንዱማ ክትባት የተወጋ ውሻ ይሰንፋል፣ ጅብ አያባርርም ሲል ሰምቼዋለሁ። ውሻውን ሳየው ከመወጋቱ በፊትም ጅብን በሩቁ ሰላም ብሎ የሚያሳልፍ ዓይነት ነበር። ያ ውሻ ልጁን የነከሰ ዕለት ታዲያ አባትየው ቁስሉን በሳሙና በደንብ አጥቦ ልጁን ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ እንደመውሰድ ዕፅ አዋቂ ፍለጋ ሦስት ቀበሌ ይዞራል።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ደስ ብሎናል፤ ባነር ሰቅለናል፤ “እንኳን ደስ ያለን” ተባብለናል። ደስታችን ውስጥ አንድ ስሌት ነበር፤ ቱሪስት ይመጣል። ቱሪስቱም መጣ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ። ሳነቴ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ በሩን ከፍቶ፣ ሙዚቃውን እስከ መጨረሻው ለቆ ይወርዳል። ቀበሮው ፍልፈሉ ጋር ነው። ጎብኚው ያፏጫል፣ ያጨበጭባል፣ ካልዞረለት ብስኩት ይወረውራል። ፍልፈሉ ይገባል፣ ቀበሮው ይሄዳል፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ይበላሻል። “ይኼ ነው እንዴ? ውሻ አይደለም?” ይላል አንዱ። “አንበሳ የለም?” ይላል ሌላው። ሐረና ጫካ ውስጥ አንበሳ አለ፤ ሲነገራቸው ግን ወደዚያ መውረዱን የሚመርጥ አላየሁም። ፎቶው ሲለጠፍ ከሥሩ “ተፈጥሮን እንጠብቅ” የሚል ጽሑፍ አይቀርም።

ቆላ ያለው ሰው ደግሞ “የደጋው አውሬ ለኛ ምናችን ነው?” ይላል። ዌብ ወንዝ የሚነሣው ከነዚሁ ተራሮች ነው፤ ያንኑ አምባ ያጠጣው ዝናብና ጭጋግ ወርዶ ከጊኒር ብዙም ሳይርቅ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ፈልፍሎ ያልፋል። ገናሌና ዋቢ ሸበሌም ውኃ የሚጨምሩት ከዚሁ ነው፤ እስከ ሶማሊያና ኬንያ ድረስ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ይጠጣዋል። ይህን ለገበሬው ስነግረው “እሱማ ተራራው ነው፤ ቀበሮው ምን አደረገ?” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቀበሮው ውኃ አይቀዳም። ግን አምባው ታርሶና ተግጦ ያለቀ ቀን መጀመሪያ የሚጠፋው ፍልፈሉ ነው፣ ቀጥሎ ቀበሮው፣ ከዚያ ጀሪካን የያዘው ሰው ተራ ይደርሰዋል።

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ይህንኑ ሳወራ አንድ አዛውንት አጠገቤ ነበሩ። ውሻ መከተብ ብቻ ስላልበቃ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ቀበሮዎቹ ራሳቸው በአፍ የሚወሰድ ክትባት እየተሰጣቸው መሆኑን ነገርኳቸው። ሲሞከር ቀበሮው ይበልጥ የወደደው ክትባቱ የፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ሲቀርብለት ነው፤ ሠራተኞቹ በፈረስ ተቀምጠው፣ በሌሊት፣ በዚያ ብርድ እየዞሩ ይጥሉለታል።

“የፍየል ሥጋ?” አሉ አዛውንቱ።

“አዎ አባ።”

“በሌሊት፣ በፈረስ፣ ያለበት ድረስ ሄደው?”

“ያለበት ድረስ።”

“ይከፍላል?”

“በነፃ ነው አባ።”

ሚኒባሱ ጸጥ አለ። ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት፣ ቀደም ብሎ ውሻውን ለማስመዝገብ “አላበድኩም” ያለው፣ አንገቱን አስረዝሞ “ምዝገባው የት ነው?” አለ።